አንድ ኩንታል ከስልሳ ስምንት

«አትነቃነቅ፣ ሚዛኑ ይዋሻል!» አለው የእህል መጋዘኑ መዛኝ።

ሥጋ ሻጩ መርሻ ባስኩላው ላይ ቆሟል። ግራና ቀኙ የበቆጂ ገብስ በጆንያ ተደርድሯል፤ እሱን ከጆንያዎቹ የሚለየው ኮፍያ ማድረጉ ብቻ ነው። የሆስፒታሉ ሚዛን መቶ ሠላሳ ላይ አልቆበት መርፌዋ ጥግ ይዛ ስትንቀጠቀጥ፣ ዶክተር ግዛቸው «እህል መጋዘን ሄደው ይመዘኑና ቁጥሩን አስጽፈው ያምጡልኝ» አለው። ይኸው መጣ። ተሸካሚዎቹ ሥራ ትተው ከበውታል።

«አንድ ኩንታል ከስልሳ ስምንት!» ብሎ ጮኸ መዛኙ። «ደረጃው አንደኛ ነው፣ እንክርዳድ የለውም!»

መጋዘኑ በሳቅ ተናጋ። መርሻም ሳቀ። ምን ያርግ? ሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት ነው፤ ሬዲዮኑ ሌት ተቀን ድርቅ ያወራል። የቀበሌው ሊቀመንበር ስብሰባ ላይ «ሰፊው ሕዝብ» ባለ ቁጥር ሰው ሁሉ ዞሮ የሚያየው እሱን ነው። ለምዶታል። ያልለመደው ሲተኛ የሚሆነውን ነው። እንቅልፍ እንደወሰደው ትንፋሹ ቀጥ ይላል። ሚስቱ እታገኘሁ በክርኗ ጎኑን ስትጎስመው ነው የሚመለሰው። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ስትጠብቀው ከርማ፣ ቀን ቀን ቆማ ታንቀላፋለች። ዶክተሩ አልሸሸገውም፦ አንድ ቀን እሷንም እንቅልፍ ይጥላታል።

ደጅ ባለጋሪው ሁሴኖ ፈረሱን ይዞ እየጠበቀው ነበር። ፈረሱ መርሻን ሲያይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

«ያ መርሻ፣ እባክህ መሀል ላይ ተቀመጥ። ወደ ኋላ ካልክ ፈረሴ አየር ላይ ይቀራል» አለ ሁሴኖ።

በመንገድ ላይ መርሻ ዶክተሩ የሰጠውን ሁለት ምርጫ ደጋግሞ አመነዠከ። አዲስ አበባ ከውጪ የመጣ ቀዶ ጠጋኝ አለ። ዶክተር ግዛቸው ዛሬ ከምሳ በኋላ የመርሻን ወረቀት ይዞ ወደዚያ ይሄዳል፤ ወረቀቱ ላይ ግን ከሁለት አንዱ መጻፍ አለበት። አንዱ አንጀት ማሳጠር ነው። ላይኛውን ጫፍ ወደ ታችኛው ይቀጥሉትና መሀሉ ይዘለላል፤ ሰውየው እንዳሻው ይበላል፣ የበላው አብዛኛው ግን ወደ ሰውነቱ ሳይገባ ይወጣል። ሽንት ቤት ያመላልሳል፣ ጉበትም ሊጎዳ ይችላል። ሌላው ጨጓራ መስፋት ነው። ትንሽዬ ኪስ ብቻ ትቀራለች፤ ከልክ በላይ የጎረሱት በመጣበት ይመለሳል፣ ስፌቱም ሊላቀቅ ይችላል። ሁለቱም በቢላ ነው። ከሁለቱም ላይነሱ ይችላሉ።

መርሻ በልቡ አንጀቱን መርጦ ነበር። እንዴት አይመርጥ? ሥጋ ሻጭ ደንበኛ ፊት ጥሬውን ቆርጦ ካልጎረሰ ሥጋውን ማን ያምነዋል?

ቢሆንም መርሻ በእጁ ያልነካውን ነገር አያምንም። ሱቁ እንደደረሰ ጠዋት የታረደውን በግ ሆድ ዕቃ በሳፋ አስቀርቦ አጠበው። አንጀቱን ቆረጠ፣ ላይኛውን ከታችኛው በክር ቀጠለ። መጋዘን ሳለ ኪሱ ውስጥ የገባ ገብስ ነበረው፤ በውሃ አድርጎ አፈሰሰበት። ገብሱ በሌላኛው ጫፍ እንደገባ ወጣ። አንዲት ዶሮ ሮጣ መጥታ ለቀመችው።

«ለዶሮዋ ጥሩ ነው» አለች እታገኘሁ፣ በሩን ተደግፋ እያዛጋች።

የሞተ አንጀት እንደማይፈጭ መርሻ ያውቃል። ግን ዓይኑ ያየውን አየ። «በዚህ ዘመን እየበሉ መድፋት...» ብሎ ሳይጨርሰው ተወው።

ቀጥሎ የበጉን ጨጓራ አነሳ። አራቱን ክፍል አንድ በአንድ ዳበሰ፣ ሦስቱን በሲባጎ ጥርቅም አድርጎ አሰረ፣ ትንሿን ተወላት። ውሃ ሲጨምርባት ወዲያው ሞላች። ወደደው። አራት ላለው ሰው ሦስት ማጣት መቼም ከባድ አይደለም፤ አንዷ ትቀራለች።

እታገኘሁን አስከትሎ በሁሴኖ ጋሪ ሆስፒታል ሄደ።

«ሦስቱን ይስፏቸውና አራተኛዋን ይተዉልኝ» አለው ለዶክተሩ።

ዶክተር ግዛቸው ብዕሩን አቆመ። «ሦስት ምን?»

«ጨጓራ ነዋ!»

«ጋሽ መርሻ፣ ሰው ያለው አንድ ብቻ ነው።»

መርሻ ሃያ ዓመት ሙሉ የከፈተው በግና በሬ ቁጥር የለውም፤ ሰው ግን ከፍቶ አያውቅም።

«አንድ?» አለ። «እኔኮ ለአራት ነበር የምበላው!»

ዶክተሩ መነጽሩን አውልቆ እስኪያለቅስ ሳቀ። ከዚያ ዓይኑን ጠረገና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የምትቀርልዎት የአረቄ መለኪያ ብታህል ነው። ለዕድሜ ልክ። አሁንስ? የቱን ልጻፍ?»

የአረቄ መለኪያ። መርሻ አንጀቱን ሊል አፉን ከፈተና በመስኮቱ ወደ ውጪ አየ። እታገኘሁ የጋሪውን ጎን ተደግፋ፣ ነጠላዋ ከትከሻዋ ወርዶ፣ ቆማ አንቀላፍታለች። ሁሴኖ እንዳትወድቅ ክንዷን ይዟታል፤ ፈረሱ እንኳ ጭራውን አያወዛውዝም።

«ይስፉት» አለ መርሻ።

እቤት ሲገቡ እታገኘሁ ጥብሱን በትሪ አቀረበች። መርሻ ከቁም ሳጥኑ የአረቄ መለኪያ አወጣ። ጥብስ ሞላበት፣ አንድ በአንድ እያወጣ እንደ ጥርስ የለሽ ሽማግሌ አመነዠከ፣ መለኪያውን አስቀመጠ።

«ጠገብኩ።»

ውሸቱን ነው። እታገኘሁ ግን ይቺን ቃል እዚህ ቤት ሰምታ አታውቅም።

«ማን?» አለች።

«እኔ። በይ አሁን ሂጂና ተኚ። ዛሬ እኔ ነኝ የምጠብቅሽ።»

ሳቀችበት። ጋደም እንዳለች ግን እንቅልፍ ወሰዳት። መርሻ በርጩማውን ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ። ትንፋሽ እንዲህ ሳይቆራረጥ እንደሚወጣና እንደሚገባ ረስቶት ነበር። ትሪው ላይ ጥብሱ ይሸታል። ሆዱ አንዴ ጮኸ፣ ደገመ። እንዳይቀሰቅሳት በሁለት እጁ አቅፎ ያዘው።