ስንት አወጣሽባት

እና ባሏን ኮይቺን የጎልፉን ዱላ ስንት ገዛኸው ብሎ የጠየቀው ሰው አለ እንዴ፣ የለም፣ አንድም ሰው የለም፣ መግቢያው በር ላይ ቆሞ አቧራ ይጠጣል፣ የምትወለውለው ቺዙሩ ናት፣ ስትወለውለውም ዋጋህ ስንት ነው ብላው አታውቅም፣ የወንድ ዕቃ ዋጋው አይጠየቅም፣ የሷ ሲሆን ግን ገና ካርቶኑ ደጃፉን ሳያልፍ ስንት አወጣሽባት። ስንት። ሰልፉ ይራመዳል፣ እሷም ትራመዳለች፣ ካርቶኑን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ውስጡ አሻንጉሊቷ ቶዋ በነጭ ፎጣ ተጠቅልላ ተኝታለች፣ ጠጠሩ ከጫማዋ ስር ይንሿሿል፣ ከመቅደሱ ጓሮ ጭስ ይሸታል፣ ጀመሩ ማለት ነው።

ሰው ሁሉ የማይፈልገውን አሻንጉሊት ይዞ ነው የመጣው፣ መነኩሴው ይጸልይላቸዋል፣ ከዚያ እሳት። አሻንጉሊት ዝም ብሎ አይጣልም፣ ነፍስ ሳይኖረው አይቀርም ይላል የሂሜጂ ከተማ ሰው፣ ነፍስ ካለው ታዲያ ምን በደለ፣ ነፍስ አለው ብለህ ትጸልይለትና ታቃጥለዋለህ፣ ኧረ ተዉኝ።

እሑድ የልጇ የሳዮሪ እጮኛ ወላጆች ይመጣሉ። ነገሩ ሁሉ ከዚያ ነው የመጣው። ኮይቺ እራት ላይ ሾርባውን ፉት እያለ፣ አንቺ ሴትዮ፣ ትንንሾቹን አሻንጉሊቶችሽን ቁም ሣጥን ውስጥ ክተቻቸው፣ ያቺን ትልቋን ግን አስወጪልኝ፣ ወንበር ላይ ተጎልታ ሰው ስታይ ደስ አትልም፣ ምን ዓይነት ቤት ነው የገባነው ብለው ልጄን ቢተዉአትስ። ቺዙሩ ሠላሳ ዓመት የኖረችበት ቤት፣ ለአንድ ከሰዓት በኋላ እንግዳ ሲባል። ደግሞስ ስምንት ሺህ የን አይደለች፣ እንቺ፣ ብሎ አሥር ሺህ የን አወጣ፣ ጫማ ግዢበት፣ መልሱን ያዢው። መልሱን ያዢው አላት። ኖቱ አሁን ካፖርቷ ኪስ ውስጥ ነው፣ እጇን በከተተች ቁጥር ጣቷን ይነካታል፣ እንዳዲስ ትናደዳለች።

ስምንት ሺህ ያለችው ራሷ ናት። ካርቶኑ በመጣ ቀን ስንት ሲላት ከአፏ ስምንት ሺህ ወጣ፣ ዋሽታለች፣ አዎ ዋሽታለች፣ አሁንም ቢጠይቃት ትዋሻለች፣ መቶ ሠላሳ ሺህ ብትለው ሰማይ ምድሩን ያገናኘው ነበራ። ከቤት ወጪ ግን አንዲት የን አልነካችም፣ ሩዝ አልጎደለም፣ ሳዮሪ ትምህርቷን ጨርሳለች፣ ቶዋ የተገዛችው በሸሚዝ ነው፣ ላውንደሪ ቤት ቆማ የሰው ኮሌታ እየተኮሰች፣ በዚያ በበጋ ሙቀት፣ እንፋሎቱ ፊቷን እየቀቀለው። የራሷ እጅ። የራሷ ብር ነው ብትል ማን ሊከለክላት፣ ግን አላለችም፣ ስምንት ሺህ አለች፣ ይኸው አሁን በስምንት ሺህ ሒሳብ ልትቃጠል።

ልጄ፣ ከበደሽ እንዴ፣ ይላታል ከፊቷ የቆመው ሽማግሌ፣ ጋሪው ላይ ሁለት ትልልቅ ሣጥን አስሯል፣ እዚህ ላይ አስቀምጪው። ቀላል ናት አባቴ፣ አመሰግናለሁ። እኔ የልጄን ነው ያመጣሁት ይላል፣ ሳትጠይቀው፣ የንጉሡና የንግሥቲቱ አሻንጉሊት ከነአጃቢዎቻቸው፣ ልጅቷ ስትወለድ አማቶቼ ናቸው የገዙት፣ ለሴት ልጆች በዓል በዓመት ዐሥር ቀን ደርድረን እናያቸውና ወደ ሣጥን፣ አሁን አግብታ ሄደች፣ ቤቴ ጠባብ ነው አልፈልጋቸውም አለችኝ። ውድ ነበሩ እንዴ ትለዋለች ቺዙሩ፣ ምን ነክቷት እንደጠየቀችው እንጃ። ኧረ እሱን ማን ጠይቆ፣ የልጅ ወግ ማዕረግ አይደል እንዴ፣ ይላታል።

ወግ ማዕረግ። ሳቋ ይመጣል፣ ትውጠዋለች። እቤት የሳዮሪም አሉ፣ የኮይቺ እናት የገዙላት፣ የቁም ሣጥኑን ግማሽ ይዘው ዓመቱን ሙሉ ጨለማ ውስጥ ይተኛሉ፣ ዋጋቸው መኪና ይገዛል፣ እነሱ ወግ ማዕረግ ናቸው፣ ቶዋ እብደት ናት። ማን ነው የሚወስነው። እነዚያን አንድ ሰው ነክቷቸው አያውቅም፣ ቶዋን ግን፣ ቶዋን እኮ ቺዙሩ ናት ሰው ያደረገቻት፣ ስትመጣ ራሰ በራ፣ ዓይን የላት፣ ቅንድብ የላት፣ ፊቷ የተላጠ እንቁላል። ቂጧን ሳይቀር በእርጥብ ብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገቻት፣ ጭምብል አድርጋ፣ ጭምብሉ ብናኙን መች ያዘው፣ እስከ ዛሬ ያስላታል። ከላውንደሪው ሴቶች ጋር ፍል ውሃ መሄድ ቀረ፣ መነጽሯ ወፈረ። ወጪ ከተባለ ይኼም ወጪ ነው፣ ይኼን የጠየቃት የለም።

ፊቷን ሦስት ጊዜ ሥላ ሦስት ጊዜ አጠፋች። የመጀመሪያው የልጅ ሥራ ነበር። ሁለተኛው ጥሩ ነበር፣ እሱን ያበላሸችው በችኮላ ነው፣ ቀለሙን የሚያጸናውን ስፕሬይ በዝናብ ቀን ነፋችው፣ ማን ነው በዝናብ ወር ስፕሬይ የሚነፋ፣ ጀማሪ እንኳ አያደርገውም፣ ፊቷ ላይ ነጭ ጉም ወርዶ ቀረ፣ ያን ቀን ወጥ ቤት ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች፣ ኮይቺ ሰው ሞተ እንዴ አላት። ሦስተኛው ያምር ነበር፣ ዝም ያለች፣ የታዘዘችውን የምታደርግ የምትመስል ልጅ፣ እሱን ደህና ቀን ራሷ አጠበችው። አራተኛው ላይ እጇ ስቶ የግራ ቅንድቧ ከፍ አለ። ልታጠፋው ጥጡን ነከረች፣ ከዚያ ቶዋ አየቻት። እና ምን ይጠበስ፣ በሚል ዓይን። ቺዙሩ በሕይወቷ ሰውን እንደዚያ አይታ አታውቅም፣ አባቷን አላየችም፣ አማቷን አላየችም፣ የላውንደሪውን አለቃ አላየችም። ጥጡን አስቀመጠችው። እንደዚያ ማየት የሚችል ሰው ቤት ውስጥ ይኑር አለች፣ ቶዋም ኖረች።

ሳዮሪ ደግሞ ስልክ ላይ፣ እማዬ አባባ ያለሽን አድርጊለት በቃ፣ ለአንድ ቀን ነው። አንድ ቀን። ወደ እሳት የሚሄድ ለአንድ ቀን ነው የሚሄደው? አልነገረቻትም፣ ልጅቷ ደስታዋን ይዛለች፣ አታበላሺባት አለች ለራሷ፣ ሁልጊዜ አታበላሺ፣ አታስከፊ፣ ሃምሳ ሰባት ዓመት ሙሉ አታስከፊ። እና ማን ተከፋ። አንቺ።

እስቲ ልያት ይላታል ሽማግሌው። ፎጣውን ገለጥ ታደርግለታለች። ጎንበስ ብሎ ያያል፣ አሁን ይመጣል፣ ስንት አወጣሽባት አሁን ይመጣል። ፊቷን ማን ሣላት ይላል። እኔ። ብዙ ደከምሽ? ሁለት ዓመት። ይቺ ልጅ ሰው አትፈራም፣ ይላል እየሳቀ፣ ታዲያ ለምንድን ነው የምታመጫት። ፎጣውን መልሳ ታለብሳታለች። ተራው ደርሶ ጋሪውን እየገፋ ይሄዳል፣ ንጉሡን ሲያስረክብ ቶሎ አይለቀውም፣ ታያለች።

እርስዎ ይምጡ እናቴ፣ ትላታለች ጠረጴዛው ጋ ያለችው ወጣት፣ ደህና ልጅ ናት፣ ፈገግታዋ የእውነት ነው። ዓይኗ ብርጭቆ ነው? አዎ። ብርጭቆ እሳት ውስጥ ይፈነዳል፣ ቢያወጡልን። ቺዙሩ ፀጉሩን ታነሳለች፣ የጭንቅላቷን ክዳን ትስባለች፣ ማግኔቱ ቀጭ ይላል፣ በአውራ ጣቷ ዓይኖቹን ከውስጥ ትገፋለች፣ አንዱ ወደቀ፣ ሌላው ወደቀ፣ መዳፏ ላይ ሆነው ወደ ላይ ያዩአታል። ገላዋስ ከምንድን ነው? ከሬዚን፣ ጠንካራ ፕላስቲክ ነገር ነው። እንግዲያው እናቴ፣ ሬዚን አናቃጥልም፣ ጭሱ መጥፎ ነው፣ ጸሎቱ ይደረግላታል፣ ከዚያ ለሚያስወግድልን ድርጅት እናስረክባታለን።

የሚያስወግድ። ቆሻሻ ማለቷ ነው፣ በትሕትና ነው ያለችው፣ ግን ቆሻሻ ነው፣ ከተሰበረ ባልዲ ጋር። ቶዋን ታያታለች፣ ባዶ ጉድጓድ፣ ከላዩ ቅንድቡ ከፍ እንዳለ ነው፣ ዓይኗ ወጥቶ እንኳ አልወረደም። እና ምን ይጠበስ። ይቅርታ ልጄ፣ ትላለች ቺዙሩ፣ ይቺ አትቃጠልም፣ አትጣልም፣ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ይቅርታ ያለችው ልጅቷን ስላደከመች ነው እንጂ ለሌላ ለማንም አይደለም።

ጠጠሩ፣ በሩ፣ መኪና ማቆሚያው። ኮይቺ ወንበሩን አጋድሞ ቤዝቦል ያዳምጣል። አለቀ? አላለቀም። ትገባለች፣ ካርቶኑን ጭኗ ላይ፣ እጇን ኪሷ ውስጥ፣ ሁለቱን ዓይኖችና ኖቱን አንድ ላይ ታወጣለች፣ ኖቱን መሪው አጠገብ ትጥለዋለች። ይቺ አትበቃም። ምኑ ነው የማይበቃው? መቶ ሠላሳ ሺህ ናት። ማን? ቶዋ። ያለ ዓይኗ፣ ያለ ፀጉሯ፣ ያለ ልብሷ። እሑድ ወንበሯ ላይ ትቀመጣለች፣ የእጮኛዋ እናት ስንት አወጣሽባት ካለችኝ ለሷም እነግራታለሁ፣ ካስፈለገ የዱላህንም ጨምሬ። ሬዲዮው ላይ አንዱ መትቶ ሰው ይጮኻል፣ ኮይቺ ያጠፋዋል። መቶ፣ ይላል፣ ሠላሳውን አልጨረሰውም። ቁልፉን ያዞራል።

ከማቆሚያው መውጫ ጋ መታጠፊያው ኃይለኛ ነው፣ እሱ ሁልጊዜ እየበረረ ነው የሚታጠፈው። አሁን ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ግራ እጁን ከመሪው አንስቶ ካርቶኑን ይይዛል፣ እንዳይንሸራተት፣ ወደሷ ሳያይ። የያዘው መቶ ሠላሳ ሺሁን ነው፣ ታውቃለች፣ ይያዝ። የግራውን ዓይን ጭንቅላቷ ውስጥ በቀረው የማጣበቂያ ሊጥ ላይ ትመልሳለች፣ በጣቷ ጫን ታደርገዋለች፣ ቀኙን ታስከትላለች፣ ቶዋ ከካርቶኑ ውስጥ ኮይቺን ታየዋለች። ቀስ ብለህ ንዳ፣ ትለዋለች ቺዙሩ። እየነዳሁ ነው እኮ፣ ይላል።