ጣሪያው እስኪዘጋ

ቦርቶሎ ከወራጁ ላይ ሲወድቅ የሎሚው ቤት ጣሪያ ገና ሲሶው ክፍት ነበር። ድንጋይ ላይ ስላረፈ ነፍሱ ለመውጣት አፍታም አልፈጀባት። አብረውት ጣውላ ሲያለብሱ የነበሩት ሰዎች ተራ በተራ ወርደው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

ኅዳር ነው። በጋርዳ ሐይቅ ዳር ብርድ ቀጠሮ አይሰጥም፤ በግንብ ታጥሮ የተተከለው ሎሚ በጣውላና በመስታወት ሳይሸፈን ከመሸ ዛፉ ባንድ ሌሊት ይጠቁራል። ከተራራው የሚወርደው ነፋስ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ ጆሮ ይቆርጥ ነበር።

"ሄጄ ለአባ ልንገራቸው፤ ደወል ይደወል" አለ ዜኖ፣ የሟች ወንድም።

በአገሩ ወግ የሞት ደወል ከተሰማ በዳገቱ ያለ ሁሉ ሥራውን ጥሎ ይወርዳል፤ እስከ ቀብር ድረስ ጣውላ የሚነካ የለም።

ዶሜኔጋ የባሏን ዓይን ከደነች። ሽርጧን ፈታ ፊቱን አለበሰችው።

"ደወሉ ይቆይ። ወጥታችሁ ዝጉት።"

"አንቺ ሴትዮ፣ ወንድሜ እኮ ገና አልቀዘቀዘም። ለሎሚ ብለሽ ነው?"

"ለሎሚም ነው። ልጄም ማዶ ወራጅ ላይ ነው። እዚያ ላይ ቆሞ ይስማልህ?"

ዜኖ ወደ ጎረቤት ሎሚ ቤት ዞረ። ፋውስቶ እዚያ በቀን ሥራ ገብቷል፤ አባትና ልጅ ማን ቀድሞ ይዘጋል እያሉ በየዓመቱ ከመሃል ግንቡ ማዶና ማዶ ሆነው ይተራረባሉ። ዜኖ እንባውን በእጅጌው ጠርጎ መሰላሉን ወጣ። ዶሜኔጋ ከታች ጣውላ ታቀብል ጀመር።

"አባዬ፣ እንቅልፍ ወሰደህ እንዴ?" የሚል ድምፅ ከማዶ መጣ። "እኛ እኮ ልንጨርስ ነው።"

የሁሉም እጅ ቆመ። ዶሜኔጋ ወደ ግንቡ ዞረች።

"አፉን ሚስማር ሞልቶት እንዴት ይመልስልህ? ሥራህን ሥራ።"

"ተመስገን፣ ዝም ማለት ተማረ በይኛ።"

ማዶ ሳቁ። ኋላ መንደሩ ልበ ድንጋይ ብሏታል። ይበል፤ እሷ ያኔ ቀጣዩን ጣውላ አነሳች።

የመጨረሻው መስታወት ሲገባ ጀንበር ጠልቃ ነበር። ዜኖ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሮጠ። ወዲያው ፋውስቶ የወይን ጠርሙስ ይዞ እየሳቀ ገባ።

"ተሸነፋችሁ። የት ተደበቀ?"

አንድ እጁን ያዘችና ነገረችው። በሌላው እጁ ከአባቱ ፊት ሽርጡን ገልጦ አየ፤ ቀና ብሎም ጣሪያውን ዳር እስከ ዳር ተመለከተ።

"ስጣራው ሞቶ ነበር?"

"አዎ።"

ፋውስቶ እጁን ከእጇ አወጣ። ሎሚው የዚያን ዓመት ብርድ አለፈ። እሱ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ እማዬ ብሎ ጠርቷት አያውቅም።