በአንድ ሰሃን

ልብስ ሰፊዋ ከታላቅ እህቷ የወረሰችው አንዲት ድመት ብቻ ነው። «እሜቴን አደራ» ነበር የሟች የመጨረሻ ቃል። እሜቴም ኩሩ አሮጊት ናት፤ ስፌት መኪናው አጠገብ ተጋድማ ደንበኛን ቀና ብላ አታይም።

አንድ ቀን ዝናብ ያበሰበሰው ጎረምሳ ድመት በሩ ላይ ተለጠፈ። ልብስ ሰፊዋ አዝና አስገባችው። እሜቴ ግን ገና ስታየው ፀጉሯ ቆመ፤ ቤቱ የጦር ሜዳ ሆነ።

ልብስ ሰፊዋ መላ አላጣችም። በልጅነታቸው ከእህቷ ጋር ሲጣሉ እናታቸው አትቆጣም፤ ምግባቸውን በአንድ ሰሃን አቅርባ ዘወር ትላለች። አኩርፈው የጀመሩት ሰሃኑ ሳያልቅ ይስቃሉ። ለድመቶቹም ያንኑ አደረገች። ሰነባብቶ ሠራ፤ ጎረምሳው የእሜቴን ግንባር ይልስ ጀመር፤ እሷም ዓይኗን ጨፍና እንደሚገባት ሁሉ ትቀበለዋለች።

ዓመት ሳይሞላ እሜቴ ከሳች፤ ድዷ ነጣ። የእንስሳት ሐኪሙ የሁለቱንም ደም መረመረ።

«የድመት ሉኪሚያ ቫይረስ ነው፣ እትዬ። ሰው ላይ አይተላለፍም፤ ድመት ለድመት ግን በምራቅ ይጋባል። አብረው ነው የሚበሉት?»

«በአንድ ሰሃን» አለች።

«ያመጣው እሱ ይመስለኛል። ላዩን ሲያዩት ደህና ነው፤ ግን አለበት። እሷን የሚያድን መድኃኒት የለም። እንዳትሰቃይ እናግዛታለን እንጂ።»

መንገዱን ሙሉ «አስታርቄ ገደልኳት» ትላለች በልቧ። አደራ በላ መሆን እንዲህ ቀላል ነው ለካ።

ቤት ስትደርስ ጎረምሳውን ጓዳ ዘጋችበት፤ ለእሜቴ አዲስ ሰሃን አቀረበች። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። እሜቴ ሰሃኑን አሽትታ ተወችውና ሄዳ የጓዳው በር ሥር ተኛች። በማግስቱም እህል አልቀመሰችም።

ልብስ ሰፊዋ ተሸነፈች። በሩን ከፍታ አሮጌውን ሰሃን መለሰችው። እሜቴ ጥቂት ቀመሰች፤ ጎረምሳውም እንደ ልማዱ ግንባሯን ላሰላት። ያው ምላስ ነው። ልብስ ሰፊዋ ልታስቆመው እጇን ዘርግታ መልሳ ሰበሰበችው፤ የምትሰፋውን ቀሚስ ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች።

ሳምንት ሳይቆይ እሜቴ ሞተች። በዚያው ምሽት ጎረምሳው ከራሱ ወገን ያለውን ብቻ በላ፤ የእሜቴን ግማሽ ሳይነካ ቁጭ ብሎ በሩን ያያል።

ልብስ ሰፊዋ አጠገቡ ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ የተረፈውን በጣቷ ወደ እሱ ገፋ አደረገችለት።

«ብላ ልጄ» አለችው። «ከእንግዲህ የሚጣላህ የለም።»