የትንፋሽ መቀነት

ተመራማሪዋ ፈጠራዋን ሊገዛ የተስማማውን ኩባንያ ተወካይ ወደ ቤተ ሙከራዋ ስታስገባ ደስታዋ ፊቷ ላይ ይነበብ ነበር። ጥቂት ቆይቶ ፎቅ ላይ ውል ሊፈረም ነው፤ እሷና አስተማሪዋ ዓመታት የለፉበት ሥራ ከዩኒቨርሲቲው ግቢ ወጥቶ ፋብሪካ ሊገባ ነው። ሥራቸው ያለ ጊዜያቸው ለተወለዱ ሕፃናት የሚሆን ቀጭን ቀበቶ ነው። ሆዳቸው ላይ ይታሰራል፤ ትንፋሻቸው ቀጥ ካለ ይጮኻል። የቤተ ሙከራው ሰዎች «መቀነቷ» ይሏታል።

ተወካዩ ራሱም መሐንዲስ ነው። መቀነቷን መዳፉ ላይ አድርጎ ገልበጥ ገልበጥ አደረጋትና «ንድፏ የት የት ነው ያለው?» ሲል ጠየቀ።

«እኔና አስተማሪዬ ጋ ብቻ።»

«ለሆስፒታል ለሙከራ የሰጣችኋቸውስ? ከፊርማው በኋላ ይሰበሰባሉ አይደል?»

ተመራማሪዋ ለሌላ ጥያቄ ተዘጋጅታ ነበር። ጨርቁ ምንድን ነው፣ እንዴት ይታጠባል፣ ባትሪው ምን ያህል ይቆያል ይለኛል ብላ ጠበቀች። እሱ ግን አመስግኖ ወደ በሩ ዞረ። ነገሩ አልጥም አላት። ሊሠራት የመጣ ሰው እንዴት ስለ አሠራሯ አንድ ነገር አይጠይቅም?

እሱን ወደ ፎቅ አስቀድማ ደረጃው ሥር ቆመችና ታናሽ እህቷ ጋ ደወለች። እህቷ መቀነቶቹ የሚሞከሩበት የሕፃናት ክፍል ነርስ ናት።

«እትዬ! ተፈረመ? እልል ልበል?»

«ቆይ፣ አትበይ። መቀነቶቹ ይመለሱ እያሉ ነው።»

«በምን ሊተኩልን? ዛሬ ጠዋት እንኳ አንዷ መቀነት ጮኻ ነው ሮጠን የደረስነው። እነሱ የሚሸጡት ትልቁ የትንፋሽ መከታተያ መሣሪያ እንደሆነ ለክፍሉ በሙሉ ሁለት ብቻ ነው ያለው፤ ውድ ነው እየተባለ ሌላ አልተገዛም።»

ተመራማሪዋ ስልኩን ዘግታ ደረጃውን መውጣት ጀመረች። ኩባንያው ያንን ትልቅ መሣሪያ እንደሚሸጥ ድሮም ታውቃለች፤ ሥራውን የሚያውቅ ገዛን ብላ ነበር የተደሰተችው። በርካሽ የምትሠራ መቀነት ያን ገበያ እንደምትዘጋበት ግን አሁን ገና ታያት።

በስብሰባው ክፍል ሦስት ሰዎች ይጠብቋታል፤ ተወካዩ፣ ጡረታ ሊወጡ ወር የቀራቸው አስተማሪዋ፣ እና የዩኒቨርሲቲውን ፈጠራዎች ከኢንዱስትሪ ጋር የሚያዋውለው ቢሮ ኃላፊ። ኃላፊውን በሌለበት «ቶሎ ቶሎ» እያሉ ያሙታል። በግቢው ደንብ የፈጠራው ባለቤቶች ሁለቱም ካልፈረሙ የማምረት ፈቃዱ አይሰጥም። አስተማሪዋ ፈርመው ጨርሰዋል።

«በይ እንግዲህ፣ ቶሎ በይልን» አለ ኃላፊው ብዕሩን እያቀበላት።

ብዕሩን ያዘች። «የመጀመሪያዋ መቀነት ከፋብሪካ የምትወጣው መቼ ነው?»

«ገበያው ሲፈቅድ ነዋ» አለ ተወካዩ ፈገግ ብሎ።

«መቼ ይፈቅዳል?»

«ዶክተር፣ ንግዱን ለእኛ ይተዉልን።»

«እንግዲያው አንድ ነገር ይጨመር። በሁለት ዓመት ውስጥ ካልተመረተች መብቱ ወደ ዩኒቨርሲቲው ይመለስ። ሆስፒታል ያሉትም አይነኩ።»

የተወካዩ ፈገግታ ጠፋ። «እንዲህ ያለ ውል ኩባንያዬ አይፈርምም።»

«ሊሠሯት ካሰቡ ምን ያስፈራቸዋል?»

ኃላፊው ግንባሩን ጠረገ። አስተማሪዋ ወደ እሷ ዘንበል ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጄ፣ ፈርሚ።»

«ጋሼ፣ እንዳትሠራ ነው እኮ የሚገዟት።»

«አውቃለሁ።»

ክው አለች። እኚህ ሰው ናቸው ከመጀመሪያ ዓመት ጀምረው እጇን ይዘው ያሳደጓት።

«ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁትን አቧራ በላው» አሉ። «አንዷ እንኳ ሰው ፈልጓት ከዚህ ግቢ ወጣች ልበል። ይቺን አትንፈጊኝ።»

አንጀቷን በሉት። የብዕሩ ጫፍ ወረቀቱን ነክቷል። እምቢ ብትል ሌላ ፈላጊ ላይመጣ ይችላል። እሺ ብትል ግን ነገ እህቷ በየአልጋው እየዞረች መቀነቶቹን ልትፈታ ነው።

ብዕሩን አስቀመጠችው። «ይቅር ይበሉኝ ጋሼ። አልፈርምም።»

ተወካዩ ቦርሳውን ዘግቶ ወጣ። ኃላፊው «ለፕሬዚዳንቱ አንቺው ታስረጃለሽ!» እያለ ተከተለው። አስተማሪዋ ኮታቸውን አንስተው ሄዱ። በጡረታ መሸኛቸው ቀን ሰውን ሁሉ ሲጨብጡ እሷን ዘለሏት።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ከበዳት። የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ጠርተው ገሠጿት፤ ለወራት በሯን ያንኳኳ ኩባንያ አልነበረም። አበላሽቼው ይሆን እያለች እንቅልፍ አጣች።

በመጨረሻ የሕፃናት ሚዛን የሚሠሩ ባልና ሚስት መጡ። ሚስትየዋ ጥያቄዋ ማለቂያ የለውም፤ በምን ሳሙና ትታጠባለች፣ ተገልብጣ ብትታሰርስ፣ ሕፃኑ ሲያስነጥስ ትጮኻለች? ግማሹን ተመራማሪዋ መመለስ አቃታት፤ እንዲህ ደስ ብሏት ግን አፍራ አታውቅም። የሁለት ዓመቱን ገደብ ሰዎቹ ሳያቅማሙ ተቀበሉ።

የቀረው የአስተማሪዋ ፊርማ ነው። ራሷ ይዛው ቤታቸው ሄደች። በሩን የከፈቱት ባለቤታቸው «ግቢ ልጄ፣ ከሰው ተኳርፎ ነው የከረመው» አሏት። እሳቸው መነጽራቸውን አድርገው ውሉን ከላይ እስከ ታች አነበቡና ቀና ሳይሉ ፈረሙ። ልትነሳ ስትል ጠረጴዛው ላይ ካስቀሯቸው የሙከራ መቀነቶች አንዷን አነሡ።

«ማሰሪያው ጋ ሽቦው ይሰበራል» አሉ፤ ድምፃቸው እንደተኮሳተረ ነው። «ማምረት ሳይጀምሩ ይስተካከል።»

«የቱ ጋ ጋሼ?»

«ቁጭ በይ፣ ላሳይሽ።»

ቦርሳዋን መሬት ላይ አስቀምጣ ወንበሯን ወደ እሳቸው አስጠጋች።