የሾላው መንገድ

ጧት ጭጋጉ ከወንዙ ተነስቶ ኮልፌን ሲያለብሳት ቆርቆሮ ጣሪያዎቹ አንድ በአንድ ይጠፉና የጋሽ ወንድሙ ሾላ ብቻውን ይቀራል። ጉሬዛዎቹ የሚመጡት ያኔ ነው። ከሙስሊሞቹ መቃብር ጥዶች ተነስተው በሾላው ቅርንጫፎች ላይ መንገዱን ይሻገሩና ወንዙ ዳር ወዳለችው ትንሽ ጫካ ይዘልቃሉ። ነጩ ጅራታቸው ከጭጋጉ ስለማይለይ የሚታየው ጥቁሩ ገላቸው ብቻ ነው፤ ያልነቃ ሰው ቢያያቸው ሕልሙ የቀጠለ ይመስለዋል። በዚያ ክረምት አንዲት እናት ደረቷ ላይ ነጭ ግልገል ለጥፋ ትመጣ ነበር። ጉሬዛ ሲወለድ ነጭ ነው፤ ጥቁሩ የሚመጣው ቆይቶ ነው።

ሾላው ግን ሥሩ የጋሽ ወንድሙን ግድግዳ ሰንጥቆታል። ከግድግዳው ሥር ደግሞ አራስ ልጃቸው ማራናታ ከሕፃን ልጇ ጋር ትተኛለች።

«ይቆረጣል» አሉኝ፣ ለጉሬዛዎቹ ልማልድ ቤታቸው ስሄድ። «ጠልቻቸው አይደለም፣ ጌታ ያውቃል። ግን ይሄ ግድግዳ ሕፃኑ ላይ ቢወድቅ ምን ትለኛለህ?»

እውነታቸውን ነው። ዛፉ ከሌለ ደግሞ ጉሬዛዎቹ በመሬት መሻገር ሊኖርባቸው ነው፤ መሬት ላይ ያለው ሚኒባስና ውሻ ነው።

«ገመድ እስክንዘረጋላቸው ብቻ ይታገሱኝ» አልኳቸው።

«አንድ ሳምንት። እስከዚያ ማራናታን ሳሎን አስተኛታለሁ።»

ገመዱን የሰጠን ከሊፋ ነው፤ ከመንገዱ ማዶ የጭነት መኪና ገመድና ሸራ ይሸጣል። ከመቃብሩ ጥድ እስከ ወንዙ ዳር ዛፍ ሁለት ገመድ ጎን ለጎን ወጥረን በመሐሉ ርብራብ አሰርንበት። ጉሬዛዎቹ መጡ፣ ገመዱን አዩት፣ በሾላው ሄዱ። በማግስቱም እንደዚያው።

ከሊፋ ታክቶት ገመዱ ላይ ሙዝ አሰረ። ጧት የጦጣ መንጋ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ሙዙን ጨርሶ ልጣጩን ሱቁ ደጃፍ በተነው። ጉሬዛዎቹ ጥዱ ላይ እንደ ጨዋ እንግዳ ተቀምጠው ይመለከቱ ነበር።

«አቦ፣ ዘመዶችህ ኩሩ ናቸው!» አለኝ ከሊፋ።

«ቅጠል ነዋ የሚበሉት!»

«ታዲያ ሳስር ዝም ብለህ ታየኛለህ?»

«መቼ አየሁህ?»

ሳምንቱ አለቀ። ጋሽ ወንድሙ መጋዛቸውን ይዘው ወጡ። የተነጋገርነው እንደዚያ ስለነበር መሰላሉን ያዝኩላቸው። የመጀመሪያው ቅርንጫፍ ከነቅጠሉ ወደቀ። ማራናታ ሕፃኑን ታቅፋ በር ላይ ቆማለች።

«አባዬ፣ ቅርንጫፉን አትጣለው» አለች።

«ምን ላድርገው?»

«ይሄ ልጅ ሳሎን አልተኛም ብሎ አላስጨነቀንም? የዚያኛውን ክፍል አልጋ ልብስ ስናነጥፍለት አይደል የተኛው? ለጉሬዛዎቹም ሾላቸውን አንጥፉላቸው።»

ጋሽ ወንድሙ መሰላሉ ላይ እንዳሉ ልጃቸውን አዩ፣ ገመዱን አዩ። ከዚያ «ከሊፋ! ና እስቲ፣ ሲባጎ ይዘህ!» ብለው ተጣሩ።

እስኪመሽ እሳቸው ቆረጡ፣ እኛ አሰርን። ቅርንጫፎቹ ገመዱን ሸፈኑት፤ በጭለማው አንጋጦ ላየው ሾላው ተነስቶ አየር ላይ የተኛ ይመስላል። ግንዱ ብቻ ቤቱ አጠገብ ራቁቱን ቀረ።

ጧት ጭጋግ ነበር። ጉሬዛዎቹ ጥዱ ጫፍ ላይ ደርሰው ቆሙ። ባለ ግልገሏ እጇን ዘርግታ ከገመዱ ላይ አንድ ቅጠል ቀጠፈች፣ አሸተተችው፣ በላችው። ከዚያ ወጣችበት። ገመዱ ረገበ፣ ተወዛወዘ፣ ያዘ። ሌሎቹ ተከተሏት። ከሥራቸው አንድ ሚኒባስ አለፈ፤ ረዳቱ «አየር ጤና! አየር ጤና!» እያለ ነበር፣ ቀና አላለም።

ጋሽ ወንድሙ መጋዙን ግንዱ ላይ አስደግፈው ይጠብቃሉ።

«ሁሉም አለፉ?» አሉኝ በሹክሹክታ።

«አንድ ቀርቷል።»

መጋዙን አልሳቡትም። የመጨረሻው ጥቁር ገላ ጭጋጉ ውስጥ እስኪገባ ጠበቁ።