የዶክተሩ እንባ

የታላቅ እህቴ ባል እኔ የምጽፈውን ተከታታይ ድራማ ከራሱ አስበልጦ ይወዳል ብል ውሸት ይሆንብኛል፤ ከራሱ የሚያስበልጠው ነገር የለም። ድራማውን ግን በሁለተኛነት ይወደዋል። ዋናው ገጸ ባሕርይ ዶክተር ነው። ሰክሮ ሲነዳ ሰው ይገጫል፤ ታናሽ ወንድሙ በሱ ፈንታ እስር ቤት ይገባል። የእህቴ ባል በየሳምንቱ ሶፋው ላይ ተዘርግቶ «ምን ያድርግ ታዲያ? ሰው አይደል?» እያለ ይሟገትለታል።

ታሪኩን ያገኘሁት ከሱው ቤት ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ጠጥቶ ሲነዳ የአንድ ዘበኛ እግር ሰበረ። አጠገቡ የተቀመጠችውን እህቴን «እኔ ነኝ የነዳሁት በይ፤ አንቺ አልጠጣሽም፣ ይቀልልሻል» ብሎ ለመናት። እሺ አለች። የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ነበረች፤ መንጃ ፈቃዷን ስትነጠቅ ሥራዋም አብሮ ሄደ። አብረዋቸው የሚኖሩት አማቷ ደግሞ ከዚያ ወዲህ «ሰው የገጨች» እያሉ የገዛ ልጇን ይዛ መንገድ እንድትሻገር አይፈቅዱላትም። ባልየው ይህን ሲሰማ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ይጨምራል።

የሚደንቀው፣ ዶክተሩ እሱ ራሱ መሆኑን አንድም ቀን አልጠረጠረም። እህቴ ግን ከመጀመሪያው ክፍል ገብቷታል። የመጨረሻውን ልጽፍ ስል መጣች።

«ዶክተሩ ይናዘዝ» አለችኝ። «ባሌ እኔን አይሰማኝም፤ እሱን ግን ይሰማዋል። ማን ያውቃል፣ ለእናቱ እውነቱን ይነግራቸው ይሆናል።»

ጻፍኩት። ዶክተሩ በገዛ እግሩ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ቃሉን ይሰጣል። ፕሮዲውሰሩ ሲያነበው ፊቱ ጠቆረ። «ሕዝብ የሚወደውን ሰውዬ አሳስረህ ልትሸኘው ነው? ያልቅስ፣ ይበቃዋል።» ስለዚህ ዶክተሩ ዝናብ ውስጥ ተንበርክኮ አለቀሰ። ዝናቡ የመጣው ከውሃ ቦቴ ነው። ቫዮሊን ገባ፤ ወንድምየው እስር ቤት እንደተቀመጠ ድራማው አለቀ። ለእህቴ አስቀድሜ ለመንገር ድፍረት አጣሁ።

እነሱ ቤት አብረን አየነው። ባልየው መሐረቡን አርሶ ጨረሰ።

«ይኸው፣ የእጁን አገኘ» አለ አፍንጫውን እየጠረገ።

እህቴ ወደኔ ዞራ እንኳ አላየችም። በጣም አፈርኩ።

«ለማን ነገረ?» አለችው።

«ለራሱ ነዋ። ኅሊናው ሲገርፈው አላየሽም?»

«ወንድሙስ?»

«እሱስ አንጀቴን በላው። ያላጠፋውን ተሸክሞ... እውነቱን ሊያወጣለት ይገባ ነበር።»

«እሺ፣ አንተ አውጣልኝ።»

«ምኑን? ኧረ ባክሽ፣ ይሄ እኮ ድራማ ነው።»

አማትየው ከጥግ ወንበራቸው ቀና አሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ድራማ ያዩ ሴት ናቸው፤ ማን ምን እንደደበቀ ከፊት ያነባሉ፣ ከልጃቸው ፊት በቀር።

«ምኑን ነው የምታወጣላት?» አሉት።

ሪሞቱን አንስቶ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ጨመረ።

«ያን ቀን የነዳኸው አንተ ነህ?»

እንባው መጣ። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ትከሻው ተንቀጠቀጠ፤ መቼስ ሲያጠና ነው የከረመው። ቫዮሊን ብቻ ነበር የጎደለው። እናቱ ቴሌቪዥኑን አጥፍተው፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው፣ አልቅሶ እስኪወጣለት ጠበቁት።

«ጨረስክ?» አሉት። «አሁን መልስልኝ።»