የሀሊማ ዶሮዎች

ኑርጃን የብር ቀለበቷ የጠፋባት መካነ ሰላም ያለው ቤቷ በደቦ በተመረገ ዕለት ነው። «የሀሊማ ዶሮ ውጣዋለች» ብላ ደመደመች። ከዚያ ወዲህ ጎረቤቷ ሀሊማ ዶሮ ባሳረደች ቁጥር እየደረሰች፣ የሆድ ዕቃውን ካልፈተሽኩ ትላለች።

በሚሊኒየሙ ዓመት የወንድሟ ልጅ ኢማድ ከጅዳ ብረትም ብርም የሚያሸት ማሽን ይዞ መጣ። ሀሊማም ልታይ መጣች። ማሽኑ ግድግዳው ጋ ሲደርስ ጮኸ፤ የቱ ላይ እንደሆነ ግን አልለየም። ኢማድ ካሮት የምታክል መጠቆሚያ አውጥቶ ምርጊቱን ዳበሰባት። መስኮቱ ሥር፣ ኑርጃን በገዛ እጇ የመረገችው ቦታ ስትደርስ፣ ጢጥ አለች። በቢላ ፈቅፈቅ ቢያደርገው ቀለበቱ ከነጭዱ ዱብ አለ።

ኑርጃን አንገቷን ደፋች። «ሀሊማዬ፣ አፉ በይኝ።»

«እኔስ አፉ ብያለሁ» አለች ሀሊማ። «የበላናቸውን ዶሮዎች ማን አፉ ያሰኝልሽ?»